ለዓይን ታካሚዎቻችን አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ ቤት እንከራይ

የሐዋሳ ልጆች፣ የእድራችን አባላት፣ ውጭ ያላችሁም ዘመዶቻችን፤

ገንዘብ የምንጠይቃችሁ ለቀዶ ሕክምና አይደለም። ለቤት ኪራይ ነው። ለሬቲና እና ለዓይን ነርቭ ሕክምና ሪፈር ተጽፎላቸው አዲስ አበባ የሚሄዱ የከተማችን ሰዎች የሚያርፉበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ልንከራይ አስበናል። «ለዓይን ከሆነ ለምን ሕክምናውን አንከፍልላቸውም?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ታካሚውን የሚያስቸግረው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያርፍበት ማጣቱ ስለሆነ ነው፤ ከሕመሙ ጀምረን እናስረዳ።

ሬቲና ከዓይናችን በስተኋላ፣ በውስጥ በኩል ያለ ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን ተቀብሎ ወደ ምልክት ይለውጥና በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካል። አንዳንዴ ይቀደድና ከስሩ ፈሳሽ ገብቶ ከቦታው ይላቀቃል። ሩቅ ለማየት ወፍራም መነጽር የሚያደርጉና ዓይናቸውን የተመቱ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ። የቆየ ስኳር ሕመምም ሬቲናን ጎትቶ ያላቅቃል። አያምም፤ ሰው ችላ የሚለውም ለዚህ ነው። ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ይታያል፣ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ድንገት ይበዛሉ፣ ከዚያ ከአንድ ጎን ጥላ ይመጣል። ጥላው መሃል ላይ ሳይደርስ ከተሠራ ብዙውን ጊዜ ጥሩ እይታ ይተርፋል። ከደረሰ በኋላም ይሠራል፣ ግን የሚመለሰው ያንሳል። ስለዚህ ሪፈር የተጻፈለት ሰው «ገንዘብ ላሰባስብና በሚቀጥለው ሳምንት» የሚልበት ጊዜ የለውም። በነጋታው መኪና ላይ መሆን አለበት።

ድሮ ሬቲናው የተላቀቀ ሰው በቃ ታወረ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ዡል ጎኒን ቀዳዳውን ፈልጎ መዝጋት እንደሚያድን አሳየ። አሁን ሐኪሙ በቀጫጭን መሣሪያዎች ገብቶ ዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፣ ሬቲናውን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ የቀዳዳውን ዙሪያ በሌዘር ያጣብቃል። ከዚያ ሬቲናው እስኪይዝ ደግፎ የሚያቆየው ጋዝ ወይም የሲሊኮን ዘይት ይሞላል።

የታካሚው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጋዝ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቀዳዳውን እንዲጫን ታካሚው ሐኪሙ ባዘዘው አቅጣጫ ጭንቅላቱን ማቆየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ፊቱን ደፍቶ፣ ለቀናት፣ ሌሊትም ጭምር። ይህንን ዘመድ ቤት ሳሎን ሶፋ ላይ ሞክሩት እስቲ። ፔንሲዮን አልጋ ይዞ መክረምም ያው ኪስ ያራቁታል፣ አስታማሚ ሲጨመር ደግሞ እጥፍ ነው።

«ታዲያ ተሠርቶ ወደ ሐዋሳ አይመለስም?» ጋዝ ከተሞላለት መንገዱ ራሱ አደጋ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከዚህ ይዛችሁት የሄዳችሁት የቺፕስ ላስቲክ አዲስ አበባ ሲደርስ ተነፍቶ አይታችሁ ይሆናል። ዓይን ውስጥ ያለው ጋዝም እንደዚያው ነው። ሲወረድ ይኮማተራል፤ ለቀጠሮ ሲወጣ ደግሞ ይሰፋና የዓይንን ግፊት ይጨምራል። አውሮፕላንማ ጋዙ እስኪጠፋ ጭራሽ ክልክል ነው። ጋዙ እንደ ዓይነቱ ከ2 ሳምንት እስከ 2 ወር ይቆያል። ዘይት በከፍታ አይሰፋም፣ ግን ከወራት በኋላ ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ሐኪሙ ለዓይኑ የሚስማማውን እንዲመርጥ እንጂ ማደሪያ አለው የለውም ብሎ እንዲመርጥ አንፈልግም።

ግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ በዓይን ግፊት መጨመር የዓይን ነርቭን የሚገድል በሽታ፣ ያለባቸውም በዚሁ ቤት ያርፋሉ። እዚህ ላይ ግን ሐቁን እንናገር፦ የሞተ የዓይን ነርቭ በቀዶ ሕክምና አይመለስም። ለግላኮማ የሚሠራው ለዓይን ፈሳሽ አዲስ መውጫ በመክፈት ግፊቱን ዝቅ ማድረግና የቀረውን እይታ ማትረፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጠሮ ይደራረባል፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተመላለሱ መከታተል ይከብዳል። ብዙዎችም መሃል ላይ ይተዉታል። እኛን ከሁሉ የሚያናድደን ይሄ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ክትትሉ ሲቀር።

የምንፈልገው ከአንድ ቤት በወር 100 ብር ነው፣ ለአንድ ዓመት። የቻለ ይጨምር፣ ያልቻለ 20 ብርም ብትሆን አይፈር። አንዱ ክፍል ለሴቶች፣ አንዱ ለወንዶች ይሆናል። አስታማሚም ያድራል። ኪራዩ፣ መብራቱና ውኃው ከዚሁ ይከፈላል፤ ደረሰኙ በየወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ይነበባል። ቅድሚያ የሚሰጠው አዲስ አበባ ዘመድ ለሌለው ነው፤ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የእድር አባልነትም አይጠየቅም።

ከገንዘብ ሌላም አለ። አናጢዎቻችን፣ ፊት ደፍቶ ለመቀመጥ የሚያመች፣ ግንባር የሚያሳርፍ ጠረጴዛ ሥሩልን፤ ልኩን እንሰጣለን። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምጣድ፣ ጀበና ያላችሁ ለእድሩ ዕቃ ቤት አስረክቡ። የሚኒባስ ባለቤቶች፣ ሪፈር ይዞ የመጣን ሰው በነጻ ብትወስዱልን ትልቅ ነገር ነው።

መዋጮውን የእድሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይቀበላል፤ ውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ ቤት ፈልጉልን። ምድር ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ ውኃ የማይጠፋበት፣ የዓይን ሕክምና ከሚሰጥበት ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በአንድ ታክሲ የሚደረስ ቢሆን ይመረጣል። ኪራዩን ሳትስማሙ በፊት ደውሉልን።