ጎማዎቹን ከፎቶው ላይ ማን ቆረጣቸው?
ለክፍለ ከተማችን የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ፣

ባለፉት 3 ደብዳቤዎቼ ጤናዎን ጠይቄ መልስ ስላላገኘሁ ይኼኛውን ያለ ሰላምታ ብጀምረው አይቀየሙኝም። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገቢ ሆነዋል፤ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች እጄ ላይ አሉ። የመጀመሪያው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባለ። ሁለተኛው የተመራለት ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነበር። ሦስተኛውን ሳስገባ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ራሷ አዝናልኝ፣ «እትዬ፣ ለምን ይመላለሳሉ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አራተኛውን ወደ እሷ አልወሰድኩትም።

ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። በወጣት ማዕከሉ ምድር ቤት፣ ከፒንግ ፖንጉ ጠረጴዛ ጎን ባለችው ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የፈጠራ ጽሑፍ የማስተምረው እኔ ነኝ። ዘንድሮ አራተኛውን ዙር አስመረቅኩ። ለማስተማሩ ተከፍሎኝ አያውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። የጠየቅኩት አንድ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ነበር።

በእኛ ክፍል ምረቃ ሲባል ድርብ ነው፤ ተማሪዎቹም መጽሐፋቸውም በአንድ ቀን ይመረቃሉ። የዘንድሮዎቹ 14 ናቸው። የታክሲ ረዳት አለ፤ የማታ ተረኛ ነርስ አለች፤ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች፤ 30 ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ አባት አሉ፣ እሳቸው የሚጽፉት ደግሞ የልጆች ተረት ነው። ስምንት ወር ከጻፉት፣ ከቀደዱት፣ እንደገና ከጻፉት መርጠን አንድ መድበል አዘጋጀን። ማሳተሚያው ከየት መጣ ቢሉ ከዕቁብ ነው። ነርሷ ዕጣ ሲወጣላት ለቤት ኪራይ ያሰበችውን ገንዘብ ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ አስያዘችው። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ ሳንቲም የለም። ይኼን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

አዳራሹን በደብዳቤ ጠየቅን፤ በእርስዎ ፊርማ ተፈቀደ። ሰኔ 14 ቀን ቅዳሜ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። የጥሪ ካርድ ተበተነ፤ ዘመድ ተጠራ። ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ፤ «አዳራሹ ለአስቸኳይ ስብሰባ ስለተያዘ ሌላ ጊዜ ፈልጉ።» ሌላ ጊዜ! ከክፍለ ሀገር የሚመጡ እናትና አባት መንገድ ጀምረዋል።

ቅዳሜ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ስብሰባውን ፈልጌ በመስኮት አጮለቅኩ። ወንበሮቹ እንደተደራረቡ ናቸው፤ መድረኩ ላይ አንድ ድመት ተኝታለች። ሌላ ተሰብሳቢ አላየሁም። ጥበቃውን ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፣ አልሸሸገኝም፤ «ቁልፉስ አለ፣ ትእዛዙ ነው የሌለው» አለኝ። ወደ ስልክዎ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። እንደገና ስደውል ጥሪ አይቀበልም አለኝ።

8 ሰዓት ሲሆን የሰኔ ዝናብ ወረደ። ሰማንያ የምንሆን ሰዎች በአዳራሹ በር ላይ ቆመን፣ መጽሐፎቹን በፌስታል ሸፍነን፣ የምንገባበት አጣን። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎሚስታ አለ፤ ያውቁታል፣ የቢሮ መኪናዎ ጎማ ሲተነፍስ እዚያ ነው የምትገባው። ባለቤቱ ከርቀት ሲያየን ቆይቶ እጁን አወዛወዘ፤ «ኧረ ግቡ፣ በሽታ ሊይዛችሁ ነው!» ገባን። የመድበሉ ምረቃ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በተቆለሉ ጎማዎች መሀል ተካሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንባቢ አይሰማም፤ ሲያባራ ኮምፕሬሰሩ ይጀምራል። የጀበና ቡናዋ ልጅ ታሪኳን ለማንበብ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ አቆመች። በአራተኛው ጎሚስታው ሄዶ ኮምፕሬሰሩን አጠፋው። ነፋ አድርጉልኝ ብሎ የሚጠብቅ ባለ ላዳ ነበር፤ እሱም ከመኪናው ወርዶ አዳመጠ። ከሰላሌ ድፎ ዳቦ ይዘው የመጡት እናት የከባድ መኪና ጎማ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። ዳቦውን ለመቁረጥ ባለ ጎሚስታው የላስቲክ ቢላውን ሲያቀብላቸው በዓይናቸው ብቻ መለሱት፤ በእጃቸው ቆረሱልን።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይኼ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። አዳራሽ መከልከል ለምደናል።

ሐምሌ ላይ በዓመታዊ የዕቅድ አፈጻጸም ግምገማው «ባለድርሻ አካል» ተብዬ ተጠራሁ። ከኋላ ተቀምጬ ውኃዬን እየጠጣሁ ሳለ ስክሪኑ ላይ የእኛ ፎቶ መጣ። የጀበና ቡናዋ ልጅ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች፤ እናትየው ቀና ብለው ያዩዋታል። ከሥሩ የተጻፈው፦ «ጽሕፈት ቤቱ ያዘጋጀው የኪነ ጥበብ ምሽት።» ከዚያ ቁጥሮቹ፤ የተዘጋጀ መድረክ 1፣ የታተመ መጽሐፍ 1፣ ጽሕፈት ቤቱ ያፈራቸው ደራስያን 14። አፈጻጸም፣ መቶ በመቶ። ክቡር ኃላፊ፣ በመጀመሪያ ነገር ምሽት አልነበረም፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ሁለተኛ፣ ጎማዎቹ የሉም! በፎቶው ዙሪያ የነበሩት ጎማዎች በሙሉ ተቆርጠዋል። የቆረጠው ሰው ግን ቸኩሏል መሰለኝ፣ በግራ በኩል ከታች ጥቁር ቅስት ነገር ቀርታለች። እናትየው የተቀመጡባት ጎማ ናት። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ቀድሞኝ ሄደ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ከ4 ዓመት በፊት ያቺን ክፍል እንዲፈቅዱልን ቢሮዎ ስመጣ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ድርሰት ተሰጥኦ ነው እንጂ በትምህርት ይመጣል እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቁልፍ ፈላጊ ነበርኩና። ያኔ የዋጥኩትን መልስ አሁን ልናገረው። አባቴ ጎጃም፣ ጎንጅ ቅኔ ቤት ቅኔ የቆጠሩ ሰው ነበሩ። ተማሪ ከአጭሩ ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ነው። ዛፍ ሥር ሆኖ ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቃኑለታል፣ ካልሆነም ያፈርሱበታል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። ይኼ የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ካልሆነ ምንድን ነው? በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራስያን ወርክሾፕ የተከፈተው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ እነ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ ቅኔ ቤቶች ያን ጊዜ የስንት ትውልድ ባለቅኔ አውጥተው ነበር።

በቅኔ ቤት ቋንቋ ቅኔ «ይዘረፋል» ይባላል። በአገራችን ዘረፋ የሚያስከብረው እዚያ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን የሚዘረፈው የራስ ነው፤ የሰው ቅኔ ይዞ የቆመ ወዲያው ይነቃበታል። ደግሞ አዲስ ባለቅኔ ብቅ ሲል «ከማን ተማርክ?» ይባላል። ስም አለ፣ ከስሙ በላይ የመምህሩ ስም አለ። ቤቱ «ተማሪ ብዛት 14» ብሎ አያልፍም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ በዚህ አይታሙም። ደራስያኑ መዓዛ መንግሥቴና ዲናው መንግሥቱ ሁለቱም አዲስ አበባ ነው የተወለዱት፤ እሷ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ እሱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ድርሰት ተምረው ዛሬ ራሳቸው መምህራን ናቸው። መዓዛ በ2020 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዙ የልቦለድ ሽልማት ለቡከር ከመጨረሻዎቹ ስድስት ዕጩዎች አንዷ ነበረች። በእንግሊዝ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ትምህርት የጨረሰው ደራሲ ካዙዎ ኢሺጉሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። እንዲህ ሲሆን ትምህርት ቤት ደስ ይለዋል፣ ይኮራል፣ ለሰው ሁሉ ያወራል፤ መብቱ ነው፣ ክፍል ሰጥቷል፣ መምህር ቀጥሯል። የሚያወራው ግን በስም ነው። እርስዎም የእኛን ልጆች ስም ጠርተው «ከእኛ ጋ ነው የተማሩት» ቢሉ ኖሮ፣ አዳራሹን ረስቼ ቡና እጋብዝዎ ነበር።

የባሰው ደግሞ መስከረም ላይ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ ያሳተመውን የግድግዳ ካላንደር ማለቴ ነው፤ ከላይ የእርስዎ ፎቶ፣ ከሥሩ በወርቃማ ቀለም ሁለት መስመር፦

ቀን ሙሉ ስጣራ የሰፈር ስም ይዤ፣
የራሴን ስም ጣልኩት መንገድ ላይ ፈዝዤ።

የታክሲ ረዳቱ ግጥም ነው፤ በመድበሉ ገጽ 41 ላይ ይገኛል። ካላንደሩ ላይ ስሙ የለም። ግጥሙ ከፎቶዎ ሥር ስለሆነ የሚያየው ሰው ሁሉ እርስዎ የጻፉት ነው የሚመስለው፤ ምንም እንኳ እርስዎ ቀን ሙሉ ሲጣሩ ሰምተን ባናውቅም። ልጁ ይኼን ያየው መታወቂያ ሊያሳድስ ወረዳ ሄዶ ተራ ሲጠብቅ ነው። ደወለልኝ። እየሳቀ ነበር፤ «እትዬ፣ ስሜ የወደቀበትን ቦታ አገኘሁት!» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ክፍል አልመጣም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ እኔ ግን ረዳት ቅዳሜ ጠዋት ሥራ እንደማይበዛበት አውቃለሁ፤ ድሮም ቅዳሜን የመረጥነው ለእሱ ብለን ነበር።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት እንዳለው ይናገራል። ይኼን ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ ባለፈው ዓመት ስለዚሁ አዋጅ በተዘጋጀው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ የመክፈቻ ንግግር ያደረጉት እርስዎ ነዎት። አበሌን ወስጄ የተቀመጥኩትም እዚያው ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋፅኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። አስተዋፅኦ የሚለውን ቃል በሰፊው ልተርጉመው ብዬ ብዙ ደከምኩ፤ የተቆለፈ በር ግን አልገባልኝ አለ።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ያ ሪፖርት ወደ ላይ ከሄደበት ቦታ ይታረም፤ የ14ቱ ስም ዝርዝር ከሁለተኛው ደብዳቤዬ ጋር ተያይዟል፣ ካልጠፋ። ካላንደሩ ተበትኗል፣ መሰብሰብ አይቻልም፤ ግን ለረዳቱ በደብዳቤ፣ በስሙ፣ ይቅርታ ይጻፍለት። ፊርማው የእርስዎ ይሁን፤ የምክትልዎን አንቀበልም። ፎቶውም መቅረብ ካለበት ከነጎማዎቹ ይቅረብ።

አዳራሹን አልጠይቅም። የአምስተኛውን ዙር ምረቃ የት እንደምናደርግ ተነጋግረናል፤ ባለ ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን ከ8 እስከ 11 እንደሚያጠፋ ቃል ገብቷል። ጥሪ ካርድ ይደርስዎታል።

የቅዳሜዋ መምህር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ቁጥር እንዲሰጠው)
ለአዳራሹ ጥበቃ (ለመረጃ)
ለጎሚስታው ባለቤት (ከምስጋና ጋር)