ተራችን እስኪደርስ አብራችሁን ለጠበቃችሁ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በኩታበር እንዲሁም በአዲስ አበባ ለምትገኙ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና ወዳጆቻችን፤

ልጄ በግንቦት 2015 ዓ.ም. የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ይህን መልእክት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። ከማን እንደምጀምር ስለቸገረኝ ከሕመሙ ልጀምር።

በ2012 ዓ.ም. 11 ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሰፈራችንን ዳገት በአንድ ትንፋሽ የምትወጣው ልጅ መንገድ ዳር ቁጭ ማለት ጀመረች። ሌሊት ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት አቃታት። ሐኪሙ እንደነገረን፣ በልጅነቷ እየተመላለሰ ያማት የነበረው የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ስላልታከመ የልቧን ቫልቭ ጎድቶታል። እኛ ቶንሲል በተነሣባት ቁጥር ዳማ ከሴ እያጠጣን «ይተዋታል» ስንል ኖረናል። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። እናቶች፣ የልጆቻችሁን የጉሮሮ ሕመም ችላ አትበሉ።

ቫልቩ መቀየር ነበረበትና ተራ ያዙ ተባልን። ቀኑን የሚነግረን ግን አልነበረም። በእጃችን የነበረው ቀጠሮ አንድ ብቻ ነው፤ በየ28 ቀኑ የምትወጋው የፔኒሲሊን መርፌ። ነርሷ ነጩን ዱቄት በውኃ በጥብጣ ብልቃጡን በመዳፎቿ መካከል ስታንከባልል ልጄ እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። መድኃኒቱ እንደ ወተት ነጭና ወፍራም ነው፤ ሲገባ ያማል። «እስከ አሥር እንቁጠር» ትለኛለች። ከ40 ጊዜ በላይ አብረን ቆጥረናል። እግዚአብሔርን መታመን የተማርኩትም በዚያ አልጋ አጠገብ ነው። ዓመቱን ሁሉ በአደራ ልሰጠው ብሞክር ልቤ እምቢ አለ፤ 28ቱን ቀን ግን ሰጠሁት። ሲያልቅ ደግሞ ሌላ 28 ቀን።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴ ሲገባ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። መርፌ የምናገኝበትም ቦታ ጠፋ። ያን ጊዜ መጸለይ አቃተኝ። ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ ዝም እል ነበር። መርፌው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ሰዓት፣ ያቺ ነርስ ሁለት ብልቃጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በእግሯ መጣች። እህቴ፣ ስሜን አትጥሪ ስላልሽኝ አልጠራሁትም፤ እርሱ ያውቀዋል።

ሐጂ፣ ጎረቤታችን፣ እኔ ቃል ሲጠፋኝ ከሱብሒ በኋላ በዱዓዎ የልጄን ስም ሲያነሡ በግድግዳው በኩል እሰማዎ ነበር። ቡና በቀረበ ቁጥር «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽርልሻል» ሲሉኝ አንድም ቀን ለማጽናናት ያህል ብቻ አላሉትም። እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ለቤትሽ ክዳን ስትጠብቂው የኖርሽውን የዕቁብ ተራ ለቀቅሽልኝ። ዕድሮቻችን፣ አዲስ አበባ ደም የሰጣችሁ የወሎ ልጆች፣ ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ሲራዘም ሳትሰለቹ ያስጠለላችሁን ቤተሰቦች፣ እጃቸውን እግዚአብሔር የባረከው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ውለታችሁ ከአቅሜ በላይ ነው።

አንዲት እናት ግን ከልቤ አትወጣም። ከሰሜን ወሎ የመጣች ናት፤ ልጇ በተራ ከእኛ ትቀድም ነበር። ተራዋ ሳይደርስ አረፈች። ሊሸኟት ሲነሡ ያቺ እናት ወደ እኔ መጥታ «ያንቺን ያድርስልሽ» ብላኝ ሄደች። የእኔ ጸሎት ከእርሷ በልጦ ተሰማ ብዬ አላምንም፤ ማንም እንዲህ ብሎ እንዲያጽናናኝም አልፈልግም። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ እግዚአብሔርን ጠይቄዋለሁ፤ አልመለሰልኝም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሌላውን የምትመርቅበትን ልብ ከእርሱ በቀር ማን ሰጣት? እህቴ፣ ያለሽበት ድረስ ይህ ምስጋና ይድረስሽ። የልጅሽን ስም በየዕለቱ ከልጄ ስም ጋር አነሣለሁ።

አዲሱ ቫልቭ ድምፅ አለው። ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። መጀመሪያ ያስደነግጠኝ ነበር፤ አሁን ሳልሰማው እንቅልፍ አይወስደኝም። ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን በየቀኑ በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ጎመኑንም በልክ ነው የምሰጣት። የ28 ቀኑ መርፌም አልቀረም፤ አሁንም አብረን እንቆጥራለን።

በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ቡና አለ፤ ሁላችሁም ኑልን። ልጄ አስፋልቱ ድረስ ወርዳ ትቀበላችኋለች፤ ዳገቱን አብራችሁ ትወጣለች።