ለአባባ፣ ስለ ልጅቷ ክርስትና

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ አልሰማ እያለዎት ስንጯጯህ ሁለታችንም ስለምንናደድ መጻፉን መረጥኩ። መነፅርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡት።

ልጅቷ ፋፍታለች። የኮምቦልቻ ሙቀት አልተስማማትም መሰለኝ፣ ሌሊቱን ስታለቅስ ነው የምታድረው። ግንባሯ ቁርጥ የእማዬ ነው። የእማዬን የክርስትና ስም ልንሰጣት አስበናል።

የግፊቱን ኪኒን ይውጣሉ? ደህና ሲሆኑ ያቋርጣሉ ብሎ ወንድሜ ነግሮኛል። እባክዎ አያቋርጡ።

ክርስትናውን እዚያው ደሴ እናደርገዋለን። አማቴ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው ስላሉ፣ ከቄሳችን ከአባ ጋር ተነጋግረን ለዚያ የሚቀርበውን እሑድ ያዝን። የባለቤቴ እህት «እኔ ላንሳት» ብላ ነበር። አባ ግን ኦርቶዶክስ ብቻዋን ክርስትና እናት ልትሆን አትችልም፣ ካቶሊክ የሆነች ካለች አብራት ትቆማለች አሉን። እናም ከእኛው መካከል ሜሮን የተቀባች፣ የምትቆርብ ሴት መፈለግ ነበረብን። ደሴ ላይ ስንት ሆነን ነው አባባ?

እርስዎ የጓደኛዎን ሚስት እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ደግ ሴት ናቸው፣ ምንም አልልም። ግን ክርስትና እናት ማለት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን የምትክድላት፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ አምናለሁ የምትልላት ናት። ያንን ቃል ስለ እኔ የተናገረችውን ሴት አውቃታለሁ። እርስዎም ያውቋታል፣ እቴቴ ናት።

በ2000 ዓ.ም ገና ዕለት፣ በአጥሩ ከተጣላችሁ በኋላ፣ እቴቴ ድፎ ዳቦ ልካልን ነበር። ገና ትኩስ ነበር፣ የኮባው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። እርስዎ አልቆረሱትም። በእኔ በ12 ዓመቷ ልጅ ራስ ላይ መልሰው አስቀምጠው «ውሰጂላት» አሉኝ። ዳገቱን እያለቀስኩ ወጣሁት። እቴቴ በሯ ላይ ስታየኝ ምንም አልጠየቀችኝም። ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ፣ ከዳቦው ቆርሳ አጎረሰችኝ፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች» አለችኝ። አልነገርኳትም። እማዬ ሳታውቅ ሞተች። አባባ፣ ያጥሩን ነገር ለእርስዎና ለእቴቴ ትቼዋለሁ፣ የማን መሬት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ግን ለምን እኔን አሸከሙኝ?

በ2007 ዓ.ም፣ በጥምቀት ዕለት፣ የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት መቋቋሙ የታወጀ ጊዜ እርስዎም እቴቴም በደስታ አለቀሳችሁ። እሷ ወንበር ላይ፣ እርስዎ በዚያኛው ወገን። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ባለ ቁጥር እርስዎ ወዲያ ሲዞሩ እያየሁ ነው ያደግኩት። በሠርጌ ቀን እቴቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር። አይተዋታል፣ አይቻለሁ።

ያስተማሩኝን አልረሳሁም። ለትምህርት ቤት ክፍያዬ ኮትዎን እንደሸጡ እማዬ ነግራኛለች። ለዚህም ነው ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ የቀደድኩት።

እቴቴን ልጅቷን እንድታነሳልኝ ጠይቄያታለሁ አባባ። ባለፈው ሳምንት ልጅቷን ይዤ ሄጄ ጠየቅኳት። እሺ ብላለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አባትሽ ያውቃሉ?» ብላ ነው፣ እኔም አዎ አልኳት። ዋሽቻለሁ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ግን እውነት ይሆናል።

እግሯ ስለሚያማት ረጅም ሰዓት መቆም አትችልም፣ እርስዎም ብርዱን አይችሉትም፣ ሐረጎ ላይ ጉም ካለ ደግሞ እኛ ልንዘገይ እንችላለን። የባለቤቴ ወንድም እዚያው ደሴ ስላለ በመኪናው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እርስዎን ይወስዳል። ጋቢና ለእርስዎ ነው። ካፖርትዎን ይልበሱ፣ ኪኒኑንም ቁርስ በልተው ይዋጡ።

ልጅዎ