ከጅማ ተራሮች የሚነሳው ውሃ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ወንዝ ትብብር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ግድብ ላይ ይቆማል። እኛ ግን ውሃው ከሚነሳበት ነን። ዴዴሳ ከዚሁ ከጅማ አካባቢ ተነስቶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ጊቤ ደግሞ በኦሞ በኩል፣ አብዛኛው ኬንያ ውስጥ ወዳለው ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ክረምት ላይ ከታረሰው ተዳፋት የሚታጠበው ቀይ አፈር ግልገል ጊቤን ሲያደፈርሰው በዓይናችን እናያለን። ያ ደለል አስቀድሞ የሚጎዳው የራሳችንን ግድብ ነው!

የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ስድስት አገሮች ካጸደቁት በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። ግብፅና ሱዳን አለመፈረማቸው ያሳዝነኛል። ቢሆንም እነሱ እስኪመጡ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፤ የወንዞቻችንን የዕለት ፍሰት መረጃ ለጎረቤቶቻችን እናካፍል፣ ቱርካና ላይ ዓሣ አጥምደው ለሚያድሩትም ጭምር። የእርከን ሥራውም የዘመቻ ሰሞን ብቻ መሆኑ ይቅር።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ