የድሮ ብር ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም «ይቺ ብር ስንት ታወጣለች?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። አብዛኛው የምትልኩት ፎቶ በ2013 ዓ.ም. መስከረም የተቀየረው አሮጌው መቶ ብር ነው። እሱ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ገና ሞልቷል። ከባንክ እንደወጣ ያለ፣ አንዴም ያልታጠፈ ካልሆነ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ከዕድሜው በፊት ይዞታውን እዩ። ብሩን ወደ መስኮት ያዙትና በብርሃን ተመልከቱት። የታጠፈበት መስመር ነጣ ብሎ ይታያል። ማዕዘኖቹስ ሹል ናቸው ወይስ ተሸራርፈዋል? የስፒል ቀዳዳም ፈልጉ፤ ብሩን ደራርቦ በስፒል የሚያያይዝ ብዙ ነበር። እባካችሁ አትጠቡት፣ አትተኩሱት! የተተኮሰ ብር ቀጥ ቢልም ወረቀቱ ይልፈሰፈሳል፣ የኅትመቱ ሻካራነት ይጠፋል። የለመደ ሰው በጣቱ ሲዳስሰው ያውቀዋል። የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

የጃንሆይ ምስል ያለበት ሲያጋጥማችሁ ግን አትቸኩሉ። የባንኩን ስም አንብቡ። «የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» የሚል ከሆነ ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የታተመ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ቢያረጅም ይፈለጋል፤ በተለይ ትልልቁ፣ ባለ 100 እና ባለ 500ው። ያኔ ይህን ያህል ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ትቶ የሚረሳ ሰው ጥቂት ነው፣ ስለዚህም የተረፈው ትንሽ ነው።

ሻጩ ቢያጣድፋችሁ አብሽሩ፣ ተረጋጉ። የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ላኩልንና አብረን እንየው።