ለአባ መላ፣ ከድሬዳዋ

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018

ውድ አባ መላ፣

የእጅ ጽሑፌን ስታይ «ይህ ሰውዬ አለ እንዴ?» እንደምትል አውቃለሁ። አለሁ። አራት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ናፍቆት አንገብግቦኝ ነው ብልህ ደስ ይልህ ነበር፤ ግን አንተን ዋሽቼ አላውቅም፣ ዋሽቼም ሳትነቃብኝ ቀርተህ አታውቅም። ጉዳይ ኖሮኝ ነው። ከጉዳዩ በፊት ግን ያንን ነገር ልገላገለው። የአባትህ፣ የአባባ፣ ቀብር ላይ አልነበርኩም፣ አርባቸው ላይም አልመጣሁም። ምክንያት የለኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ልደውል ብዬ ፈራሁ፣ ወሩ ሲያልፍ አፈርኩ፣ ዓመት ሲሞላ ደግሞ በምን አፌ ብዬ ተውኩት። ስትመጣ ፊት ለፊት ተቆጣኝ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ነፍሳቸውን ይማር። እዚህ ላይ ላቁም፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እዚሁ መስመር ላይ ደርሼ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ።

ላንድ ክሩዘር ገዛሁ።

አትሳቅ። በጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ምን ሊያደርግበት ነው እንዳትል፣ ባለቤቴ በየማለዳው ትለዋለች። ዕቁቡ በታኅሣሥ ይደርሰኛል ብዬ ስጠብቅ በመስከረም ወጣልኝ፤ ትንሽ ከቁጠባ ጨመርኩበት። የ1995 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ያለ ተርቦ የምትሠራ ናፍታ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ስትበላሽ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳይሆን ቁልፍና ካቻቢቴ የያዘ ሰው ነው የሚያስፈልጋት፤ ማለትም አንተን የመሰለ። ቀለሟ ነጭ ነበር፤ አሁን የድሬን አቧራ መስላለች።

ለምን እንደገዛኋት ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። በሽንሌ፣ በሐረዋ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻ አድርጌ የድሮውን የባቡር ሐዲድ ዳር ዳሩን ይዤ እስከ ደወሌ መሄድ እፈልጋለሁ። በአስፋልቱ የሄድኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ እሱ ምንም አይነግረኝም። በአዲሱ ባቡርም ብትሄድ እነዚያን ጣቢያዎች አታያቸውም። አዲጋላ ላይ አባባ ሼፍ ደጋር፣ የጣቢያው አለቃ፣ ሳሉ የክረምቱን ዕረፍት እናንተ ጋ ያሳለፍኩበት ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ቀይና አረንጓዴ መስታወት ያለው ፋኖሳቸውን ሰርቀን ፍየሎቹን ልናስቆም የሞከርንበት። ጣቢያው ምን ያህሉ እንደ ቆመ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ ተመልሰን መኪናዋ ከፈቀደች ደግሞ በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ በኩል እስከ አፍዴራ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ኅዳር 14 እዚያው አፋር የፈነዳውን የሃይሊ ጉቢን እሳተ ገሞራ አስታወሰችኝ። አመዱ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ደረሰ፤ «አንተ ደግሞ ወደዚያ ልትሄድ ነው?» አለችኝ። አፍዴራን ለጊዜው ዝም ብያታለሁ።

አሁን ሞኝነቴን ልንገርህ። መኪናዋን ከገዛሁ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ጫንኩባት። ሳቢያን አንድ በያጅ ጋ ወስጄ ፖርቶመጋላ አሠራሁ። «ጠንካራ ይሁን» አልኩት፤ ቃሌን አክብሮ የውሃ መስመር ከሚዘረጋበት ወፍራም ቱቦ ሠራልኝ። ባዶውን ስንመዝነው 95 ኪሎ ሆነ። እላዩ ላይ ሁለት ስኮርታ ጎማ ከነቸርኬው ጨመርኩ፤ 70 ኪሎ። ናፍታ የሞላባቸው አራት የብረት ጀሪካኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ 21 ኪሎ ናቸው። አንተ በሂሳብ ከእኔ ትበልጥ ነበር፣ ደምረው። ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ጣሪያዬ ላይ አስቀምጬ «ተዘጋጀሁ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ፈተናው ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ተራራ ነበር። ፈረንሳዮቹ ሐዲዱን ከጅቡቲ ሲዘረጉ ሐሳባቸው ሐረር መግባት እንደ ነበር ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት አስተማርኩ! ተራራው ከብዷቸው ሐዲዱን በቆላው አሳለፉት፣ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደረሱ፣ ከተማችንም በዚያ ምክንያት ተወለደች። ባቡሩ የሸሸውን ተራራ እኔ ሩብ ቶን ተሸክሜ ወጣሁት። መውጣቱ ደህና ነበር፤ በቀስታ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከኋላዬ የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉብኝ። ሐረር ሸዋ በር ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ግን ጠመዝማዛው ላይ መኪናዋ እንደ ግመል ወደ ጎን ትወዛወዝ ጀመር። መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ጣሪያው ወደ ግራ ይሄዳል፣ እኔ መሪውን ስመልስ እሱ ገና አልተመለሰም። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዳር ይዤ ቆምኩና ድንጋይ ጎማዋ ሥር አድርጌ ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥኩ። አንድ እረኛ መጥቶ ቸርኬው ላይ ምራቁን እንትፍ አለበት፤ ጢስ ብሎ ሲደርቅ አየነው። «አባባ፣ ምን ጭነው ነው?» አለኝ። «ፍርሃት» ልለው ምንም አልቀረኝም። አባባ ያለኝ ግን ከፍሬኑ ይልቅ ቆጨኝ።

በማግስቱ ሁሉንም አወረድኩት። አራቱ ጀሪካኖች ለምን እንዳስፈለጉኝ አሁን ለራሴም አይገባኝም። ታንከሯ 90 ሊትር ትይዛለች፤ በአሸዋና በድንጋይ ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ብትጠጣ እንኳ ደወሌ ደርሳ ትመለሳለች። አንድ ብቻ አስቀርቻለሁ፣ ለአንተ ሲባል፤ «ኤረር ላይ ነዳጅ ማን ጨረሰ?» እንዳትለኝ። ውሃው ስድሳ ሊትር ነው፣ እሱን አልቀንስም፤ ግን ከመቀመጫው ኋላ ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ታስሯል። ከባድ ነገር ወደ ታችና ወደ መሃል። ፖርቶመጋላው ላይ አሁን የቀረው ሸራ፣ አካፋና ፍራሽ ነው። ባሌስትራውም አንድ ቅጠል ብቻ ተጨመረበት፤ ሁለት ብለውኝ ነበር፣ ባዶዋን ስትሄድ ኩላሊቴን ታወልቀዋለች ብዬ እንቢ አልኩ።

የአየር መሳቢያውን ቱቦ ከኮፈኑ ጎን ወደ ጣሪያው አስረዝሜያለሁ። የሰፈሩ ልጆች «መምህር ባሕር ሊገቡ ነው» ይላሉ። ውሃውስ የት አለ! ለአቧራው ነው እንጂ፤ ከላይ የሚሳበው አየር ከጎማው ሥር ከሚነሣው ይሻላል፣ ፊልትሮውም ዕድሜ ያገኛል። እንዲያም ሆኖ ሁለት የአየርና ሦስት የናፍታ ፊልትሮ ይዣለሁ፤ ከበርሜል የሚቀዳ ናፍታ ምን እንደሚመስል አንተን ማስተማር አይገባኝም።

አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሳላወራ ልንገርህ። ሁለተኛ ባትሪ አስገብቼ ትንሽ ማቀዝቀዣ አስሬያለሁ። ለቢራ አይደለም። ስኳር ይዞኛል፣ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ባለፈው ዓመት ኢንሱሊን ጀመርኩ። ኢንሱሊን እንደ እኛ የቆላ ሰው አይደለም፣ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ የሞተሩን ባትሪ እንዳያደርቀው፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ማብሪያ ተደርጎበታል። ኤሌክትሪኩን የሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ፊውዙን ግን ካላየህልኝ አላምነውም። ባለቤቴ እንዲያውም መስማማት የጀመረችው ይህን ማቀዝቀዣ ካየች በኋላ ነው፤ አንተም ካለህበት ደግሞ ትፈቅዳለች። እንግዲህ ወደ ጉዳዩ እየቀረብኩ ነው፤ እየተንቀረፈፍኩ መሆኑ ገብቶሃል።

ባለፈው እሑድ ከተማችንን የሚያቋርጠው የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ ገብቼ ጎማውን ሞከርኩት። ሽቅብ ተራራው ላይ ደመና እንደሌለ ሦስት ጊዜ አይቼ ነው የወረድኩት፤ እዚህ ፀሐይ እያለ ከላይ የዘነበው ምን ይዞ እንደሚመጣ ከ1998 ሐምሌ ጎርፍ በኋላ የሚዘነጋ የድሬ ሰው የለም። በመጀመሪያ በ40 ነፋስ ገባሁ። አሥር ሜትር ሳልሄድ የኋላ ጎማዎቹ መቆፈር ጀመሩ፣ ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ትሰምጣለች፣ ሆዷ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ወጣሁ፣ አራቱንም ጎማ በነፋስ መለኪያው እየለካሁ ወደ 18 አወረድኩ። እንዴት ደስ እንደሚል! ጎማው ተንበርክኮ እንደሚነሣ ግመል እግር ይሰፋል፤ ስፋቱ ግን ወደ ጎን ሳይሆን ይበልጥ ወደ ርዝመቱ ነው፣ እሱ ነው የሚሸከማት። ከጎማው ፊት ያለውን አሸዋ በአካፋ ጠርጌ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ ምንም እንዳልተፈጠረ ወጣች። የተሰበሰቡት ልጆች አጨበጨቡ። እኔም እንደ ሠርገኛ እጄን አወዛወዝኩ።

ደስታው ግን ሙሉ አይደለም። ያ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾህ ከሽንሌ ጀምሮ መንገዱን ወሮታል። ጎማው ሲተነፍስ ጎኑ ይወጣል፣ ጎኑ ደግሞ ስስ ነው፤ እሾህ ታችኛውን ቢወጋ ይለጠፋል፣ ጎኑን ከቀደደው ግን ጎማው አለቀ። አሸዋው ነፋስ ቀንስ ይልሃል፣ ቁጥቋጦው ነፋስ ሙላ ይልሃል፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይፈራረቃሉ። ከባትሪ የሚሠራ የነፋስ መሙያ ገዝቻለሁ፣ አራቱን ጎማ ለመመለስ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ቸርኬዬ ባለ ቀለበቱ ስለሆነ ያለ ጎሚስታ በረሃ ላይ በእጅ ይፈታል፤ ነፋሱ ሙልጭ ብሎ ሳይወጣ ቀለበቱን መነካካት ግን የለም፣ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ይህንን እንኳ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ከላሜራ ሁለት የአሸዋ ማውጫም አሠርቻለሁ። ባግኖልድ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነበር፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሊቢያን በረሃ በፎርድ ሲያቋርጥ ጎማ እያስተነፈሰ፣ ጎማ ሥር ብረት እያነጠፈ ነበር የሚያልፈው። ከሁሉ የገረመኝ የራዲያተሩ ነገር ነው። የፈላው ውሃ በእንፋሎት እንዳይባክን በቱቦ ወደ ጣሳ ይመልሰዋል፣ ጣሳው ውስጥ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፣ ሞተሩ ሲበርድ ራዲያተሩ መልሶ ይጠጣዋል። ይህን ሳነብ አባባ ሻያቸው ላይ ሁለተኛ ስኒ ገልብጠው «እንፋሎቱም የእኔ ነው» ይሉት የነበረው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ለማን ልንገረው? ያን ቀን ማታ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመርኩት።

እንግዲህ ልበለው። ወደዚያ አገር በአንድ መኪና አይገባም። አውቃለሁ፣ አንተ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያልከኝ ነው፣ እኔም አልሰማሁህም፣ ኤረር ላይ የሆነውም ሆነ። ላንድ ክሩዘር ስትሰምጥ የሚያወጣት ሌላ መኪና ነው እንጂ ጸሎት ብቻ አይደለም፤ እኔ ብወድቅም ሆስፒታል የሚያደርሰኝ ያው ሁለተኛው መኪና ነው። ፒክአፕህን እንዳልሸጥካት ከአዳማ የመጣ ሰው ነግሮኛል። ወሬውን ሆን ብዬ ጠይቄ ነው ያገኘሁት፣ እንደ አጋጣሚ አድርጌ ልጽፈው ነበር። የሚለጠጥ መጎተቻ ገመድ ገዝቻለሁ፤ እኔ በበኩሌ ከፊትም ከኋላም ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ መንጠቆ አስገጥሜያለሁ። ያንተዋ ከሌላት እዚህ እናሠራለን። መከላከያ ላይ ማሰር የለም፣ ተጎታች የሚሰካበት ኳስ ላይም የለም፤ ኳሱ ከተሰበረ እንደ ጥይት ነው። የዚያ የኤረሩ መከላከያ ሂሳብ እስከ ዛሬ እንዳልተወራረደ አልረሳሁም።

ያሰብኩት ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ሳይመለስ። ሽንሌ ላይ አገሩን የሚያውቅ መንገድ መሪ ተስማምቶልኛል፣ ፈቃዱንም እየጠየቅኩ ነው። አባባ ደግሞ... አዲጋላ ስንደርስ የምትፈልገው ነገር ካለ፣ ማለቴ ሻማ ወይም ቄስ ወይም ምንም፣ አንተ ወስን፣ እኔ አልናገርም።

መልስ ለመስጠት ከከበደህ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። የእኔ ቸርኬ ባለ ስድስት ቡሎን ነው፣ ጎማው ደግሞ 7.50 በ16። ያንተዋም ባለ ስድስት እንደ ነበረች አስታውሳለሁ። የእኔ ቸርኬ ያንተዋ ላይ ገብቶ ከፍሬኑ ጋር ካልተነካካ፣ ለሁለት መኪና አራት ስኮርታ መሸከሙ ይቀርልናል፣ ከእኔም አንዱ ይወርዳል። ውጣና ጎማህ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበህ ላክልኝ። አቧራ ከሸፈነው በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ያንተው፣
መምህር