የእህቴ ልጅ ካሊፎርኒያ ይግባ ወይስ ቴክሳስ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሉማሜ ነው፤ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ። ለአባቴ ሙት ዓመት ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ኑሮዬ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ነው። በ1999 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስቴት ኖሬ አላውቅም።

የታናሽ እህቴ ልጅ ቪዛ ተመቶለታል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቆ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ሲፈልግ የከረመ ልጅ ነው። እኔ ጋ ይምጣ ወይስ ዳላስ ያለ ጓደኛው ጋ ይግባ የሚለው ነገር ቤቱን ለሁለት ከፍሎታል። ሙት ዓመቱ የወጣ ዕለት ማታ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል፣ አጎቴ የያዙትን ጠላ አስቀመጡና በሰው ፊት እንዲህ አሉኝ፦ «ዳላስ ያለው የጎረቤታችን ልጅ በስድስት ዓመቱ ቤት ገዛ። አንቺ ይኸው ስንት ዘመንሽ፣ ዛሬም የሰው ቤት ነሽ። ታዲያ ይሄ ልጅ አንቺ ጋ መጥቶ ምን ሊያገኝ ነው?»

አጎቴ ክፋት የላቸውም፤ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚያ ድንኳን ውስጥ ተናግሬ የምጨርሰው ነገር አልነበረም። በጎጃም ይህን ወሬ ያላወራ ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ ለሳቸው ልመልስ የፈለግኩትን ለእናንተ ልጻፈው አልኩ።

ከቤት ኪራይ ልጀምር። ስገባ ባለ አንድ መኝታ ቤት በወር 1,150 ዶላር ነበር የተከራየሁት። ያው ቤት፣ ያው ምንጣፍ፣ ዛሬ 2,400 ገብቷል። ከደሞዜ ከግማሽ በላይ እዚያ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሳሎኑን አከራያለሁ። ሳሎን ማከራየት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሽቦ ይወጠራል፤ ሽቦው ላይ ወፍራም መጋረጃ ይሰቀላል። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ሰው። ወዲህ ማድ ቤቱና የእኔ መኝታ ቤት በር። ተከራዬ የሌሊት ሺፍት የምትሠራ የጎንደር ልጅ ነበረች። እሷ ጠዋት ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ቡና ስናፈላ በሹክሹክታ ነው የምናወራው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ሰው ተኝቷል» እየተባለች፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በጣቷ ጫፍ እየሄደች ነው ያደገችው። የካሊፎርኒያ ውድነት ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ መጋረጃ ነው።

ቤት መግዛትማ ሌላ ነው። በስቴቱ መካከለኛ የሚባለው ቤት ዋጋ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ሳን ሆዜ አካባቢ ሚሊዮንን አልፏል። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ዓመታት ጠይቄያለሁ። አንዱን መልስ ያገኘሁት ከሥራዬ ነው። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከምጦራቸው አንዷ አሜሪካዊት እናት ቤታቸውን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገዙት በሠላሳ ምናምን ሺህ ዶላር ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው ሕግ አለ፤ ፕሮፖዚሽን 13 ይባላል። የቤት ግብር ከዋጋው 1 በመቶ አካባቢ እንዳይበልጥ፣ የተገመተው ዋጋም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይከለክላል። ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ እንደዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ እኚህ እናት የሚከፍሉት ግብር ባለፈው ዓመት አጠገባቸው ከገባው ባልና ሚስት ግብር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ለእሳቸው ደግ ሕግ ነው፤ በእርጅናቸው ከቤታቸው አላስወጣቸውም። ግን ቀድሞ የገዛ ሰው አይሸጥም። ባሕርና ተራራ ያጠበበው መሬት ላይ አዲስ ቤት እንደልብ አይሠራም። ዘግይቶ የመጣው ሁሉ የቀረችው ላይ ይረባረባል። እኔ ዘግይቼ ከመጡት ነኝ።

እንግዲህ የአጎቴ ነገር ሐሰት አይደለም። ቴክሳስ ቤት ርካሽ ነው። የስቴት የገቢ ግብር የሚባል የለም። ቤንዚንም በጣም ይረክሳል። እርግጥ የቤት ግብራቸው ከእኛ ይከብዳል፤ ቢሆንም ጉልበት ያለው ወጣት ኦቨርታይም እየሠራ ቶሎ ቤት ሊገዛ ይችላል። ይህን ለእህቴ ልጅ አልደበቅኩትም።

ያልተነገረው ሌላው ወገን ነው።

የካሊፎርኒያን ታክስ ሰው ሁሉ ያማዋል። ለሀብታሙ እውነት ነው፤ ከፍተኛው እርከን 12 በመቶ ያልፋል። የእኔ ቢጤው ግን ከ1 በመቶ ነው የሚጀምረው። ከደሞዜ ወረቀት ላይ የሚያመኝ የስቴቱ ታክስ ሆኖ አያውቅም። ደሞዙስ? በ2025 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 16 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ቴክሳስ የፌዴራሉን 7 ዶላር ከ25 ነው የያዘችው፤ ያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ብዙ ቀጣሪ ከዚያ በላይ እንደሚከፍል አውቃለሁ። ግን ሰው ሲቸገር የሚወድቅበት ወለል ያው ነው። ኪራዩም ቢሆን፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደኔ ያለ አሮጌ ሕንፃ ላይ ባለቤቱ በዓመት 5 በመቶና የዋጋ ንረቱን እንጂ ከዚያ በላይ መጨመር አይችልም፤ ተደምሮም ከ10 በመቶ አያልፍም። ቴክሳስ ውል ሲታደስ ባለቤቱ ያሻውን ይጠይቃል።

በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ተገኘ። አንድ ሌሊት ሕመሙ ሲነሳብኝ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተኝቼ ነው ያነጋሁት። ሐኪም ቤት ከሄድኩ ዕዳ ውስጥ እገባለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ያን ጊዜ የተከራየችኝ እህት አስገድዳ ወሰደችኝ። ቀዶ ጥገናውን የከፈለልኝ ሜዲ ካል የሚባለው የስቴቱ የሕክምና ሽፋን ነው። ገቢዬ ዝቅተኛ ስለነበር ከኪሴ አንድ ሳንቲም አልወጣም። ዳላስ አብራኝ ያደገች ጓደኛ አለችኝ። ልጅ የላትም፤ ቀንም ማታም ትሠራለች። ቴክሳስ እንደሷ ላለው ሰው እንዲህ ያለውን ሽፋን አትሰጥም። በትርፍ አንጀት አንድ ቀን ተኛች፤ ቢሉን እስከ ዛሬ በየወሩ ትከፍላለች። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። ሐኪም ቤት ለመታከም በሬ የሸጡ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ገባቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ልጄ ናት። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች። እዚያ የአንድ ክሬዲት ዋጋ 46 ዶላር ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ያንንም ይተውለታል። ሁለት ዓመት እዚያ ተምራ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። ዛሬ ነርስ ናት። ለትምህርቷ ብድር አልወሰድንም። ያ የሳሎን መጋረጃ፣ ያ ሹክሹክታ፣ ያ ሁሉ 2,400 ዶላር የት ገባ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው እሷን ነው። ይህ ደግሞ በሐዋላ የሚላክ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሉማሜ ላይ አይታይልኝም።

አየሩን ሰው ሁሉ ያወድሳል፤ እኔም አወድሳለሁ። ዝናቡ ኅዳር አካባቢ ይገባና መጋቢት ላይ ይወጣል፤ ብርዱ የእኛን የማርቆስን ሐምሌ አያህልም። ወደ ባሕሩ፣ ወደ ሳንታ ክሩዝ የሚያወርደው መንገድ ጫካ ለጫካ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ዓባይ በረሃን አስታውሶኝ አልቅሼ አውቃለሁ። ግን ከገነት ገባን ማለት አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ስነሳ አልነጋም። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አሁንም አልነጋም። ሰማዩ እንደ ፍም ቀልቷል። የሰደድ እሳት ጭስ ፀሐይዋን ሸፍኗት እኩለ ቀን ላይ መኪናው ሁሉ መብራት አብርቶ ይሄዳል። የምጦራቸው እናት መስኮት ላይ ቆመው እጄን አልለቅም አሉ። ዶሮ ገዝቼ ነበር፤ የመሥራት አቅም አጣሁ። የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። እኔ ያየሁት ሳህን የሚያንቀጫቅጭ ብቻ ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የደረሰው ግን 63 ሰው ገድሏል። በእሳቱ የተነሳ ትልልቅ የኢንሹራንስ ድርጅቶች አዲስ የቤት ውል አንቀበልም ማለት ጀምረዋል። ቤት ያለውም ተጨንቋል።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። አባቴ ሲያርፍ አልደረስኩም። የአውሮፕላን ትኬት የአንድ ወር ኪራይ ነው፤ ኪራዩ ደግሞ በዚያው ሳምንት የሚከፈል ነበር። ሰው ተሰብስቦ ያዋጣልኝ ትኬቱ የሚገኝበት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ለቅሶውን እዚያው ተቀመጥኩ። የእድራችን ሰዎች ከኦክላንድም ከሳን ሆዜም መጡ። የጎንደሯ ልጅ ማንም ሳይነግራት አልጋዋን አጥፋ አቆመች፤ መጋረጃውን ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበችው። አርባ ሰው በዚያች ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። አይዳሆ ከሚባል ስቴት በበቀለ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ በየቤቱ አዘጋጅተው አመጡ። ሰባት ቀን ሳሎኔ ሳሎን ሆነ። ውድ አገር ነው፣ ጠባብ ነው፤ ወገን ግን አለኝ። ሰው የሌለበት ርካሽ ከተማ ብሆን ያን ሳምንት እንዴት እወጣው እንደነበር አላውቅም። እርግጥ ዳላስም ብዙ የአገራችን ሰው አለ፤ የእህቴ ልጅ እዚያም አይቸገርም።

ስለ መላክም ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። የምልከው 200 ዶላር እዚህ ሲደርስ እጥፍ ሆነ። ከእኔ ጉያ የሚወጣው ግን ያው 200 ነው፤ ያውም በትርፍ ሰዓት የተገኘ። እዚህ ደግሞ የዘይቱም የማዳበሪያውም ዋጋ ስለጨመረ ማንም ተጠቀምኩ አይልም። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ትንሽ ሲልክ ልቡ ደነደነ አትበሉ። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ እህቶቼ በዚህ ምክንያት ስልክ ማንሳት ፈርተዋል።

የእህቴ ልጅ ለሒሳብ የተፈጠረ ነው። ያልኩትን ሁሉ በደብተሩ ላይ በሁለት ዓምድ ጽፎታል፤ ኪራይ፣ ቤንዚን፣ ታክስ፣ ክሬዲት። ትናንት እናቴ ጓሮ ጌሾ እየለቀምን «እታባ፣ ሁሉንም ደመርኩት። ዳላስ ይበልጣል። ግን አንቺ ሐኪም ቤቱንና ትምህርቱን በስንት ልጻፈው?» አለኝ። እኔም እንዲህ አልኩት፦ ፈጥነህ ሠርተህ ለእናትህ ቤት ልታሠራ ከሆነ የምትሄደው፣ ዳላስ ግባ፤ አልቀየምህም። መማር ከፈለግክ፣ የሒሳብ አዋቂነት ፈቃዱን ልይዝ ካልክ ግን እኔ ጋ ና። አንድ ዓመት ስትኖር የትምህርቱ ክፍያ በስቴቱ ነዋሪ ዋጋ ይታሰብልሃል። ሁለት ሦስት ዓመት ታገስ። ከዚያ በኋላ ወደፈለግክበት ሂድ፤ የጎንደሯ ልጅም ተምራ ጨርሳ ነው ላስ ቬጋስ የገባችው።

እህቴንም ለመንኳት። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ላክ እንዳትይው አልኳት። አጎቴንም እንደዚሁ። እሳቸው ቶሎ አልመለሱልኝም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በረንዳው ላይ ቆም አሉና «የሚተኛበት አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

አለው። የጎንደሯ ልጅ ስትሄድ አልጋዋን ትታልኝ ነው የሄደችው። ሽቦውንም መጋረጃውንም አላወረድኩትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ
ከሉማሜ፣ ምሥራቅ ጎጃም